የፔንግዊኑ ሥዕል ይቆየን፤ መጀመሪያ ጋቢው ይምጣ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በከተማችን በሐዋሳ ወደ አፀደ ሕፃናት ጎራ ያለ ሰው፣ ግድግዳው ላይ ነጭ ድብና ፔንግዊን ጎን ለጎን የቆሙበት ሥዕል ሳያጋጥመው አይቀርም። ከሥሩ «እንስሳት በክረምት» የሚል ተጽፎበት ይሆናል። የጋዜጣችሁ የልጆች ዓምድም አንድ ቀን ይህን ርዕስ ማንሳቱ ስለማይቀር፣ ከ4 እስከ 6 ዓመት ያሉ ሕፃናትን የምናስተምር መምህራን ስለ አቀራረቡ የምንለው አለን።

ሁለቱ እንስሳት ተገናኝተው አያውቁም። ነጩ ድብ በሰሜን ዋልታ ዙሪያ፣ በብርድ የታወቁት ፔንግዊኖች ደግሞ በምድር ሌላኛው ጫፍ በአንታርክቲካ ነው የሚኖሩት። ይህ ግን ቀላሉ ስሕተት ነው፤ ሥዕሉን በመቀስ ለሁለት ከፍሎ አንዱን ከግድግዳው ላይኛው ጫፍ፣ ሌላውን ከታችኛው መለጠፍ ይበቃል። የሚከፋው የቃሉ ስሕተት ነው። ለእኛ ልጅ ክረምት ማለት ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ዝናብ፣ ጭቃ፣ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ጊዜ። አውሮፓ ግን ያን ጊዜ ሞቃት ነው። እዚያ የሚበርደው በታኅሣሥ፣ በጥርና በየካቲት፣ እኛ በጋ በምንለው ወቅት ነው። «ወፎች ክረምትን ሽሽት ወደ እኛ ይመጣሉ» ተብሎ የተነገረው ልጅ በሐምሌ ዝናብ ሐይቁ ዳር ወፍ ቢፈልግ አይፈረድበትም። «የክረምት እንቅልፍ» የሚባለውም እንደዚያው ነው። «የብርድ ወራት» ብሎ ወራቱን በስማቸው መጥራት ይሻላል።

በረዶ የሚለው ቃልም ሸክም በዝቶበታል፤ ከሰማይ የሚወርደው ጠጠርም፣ ከፍሪጅ የሚወጣውም፣ እንደ ዱቄት የሚነሰነሰውም በረዶ ነው። በቆርቆሮ ጣራ ላይ ሲንጣጣ የሰማ ሕፃን፣ ነጯ ድብ በበረዶ ውስጥ ትወልዳለች ሲባል ግልገሎቹ በጠጠር የሚደበደቡ ይመስለዋል። ለዱቄት መሳዩ አመዳይ የሚል የቆየ ቃል አለን። ውርጭንም ይጠራል ቢባል እንኳ ከጠጠሩ ይለየዋል። ለምን እንደምንሸሸው አይገባንም።

አሁን ወደ ጋቢው። ሕፃኑ ከሁሉ አስቀድሞ ሊረዳው የሚገባው፣ ፀጉርም ሆነ ላባ ሙቀት እንደማይሠራ ነው። ሙቀቱን የሚሠራው አካሉ ነው፤ ከበላው ምግብ። ፀጉሩ ሙቀቱ ቶሎ እንዳይወጣ ብቻ ይይዛል። ይህን በቃል መንገር ትርፉ ድካም ነው፤ «ጋቢ ይሞቃል» ብሎ ያደገን ልጅ የሚያሳምነው ዓይኑ ብቻ ነው።

ሁለት የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ጠርሙሶች ውስጥ እኩል 400 ሚሊ ሊትር ውኃ ጨምሮ ማታ ፍሪዘር ውስጥ ማስገባት። እስከ አፋቸው ከተሞሉ ውኃው በረዶ ሲሆን ስለሚሰፋ ይሰነጠቃሉ። መብራት የሚጠፋበትን ቀን ለማሸነፍ ከሁለት ቀን በፊት ማስገባት ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ አንዱን በአራት በታጠፈ ጋቢ መጠቅለል፣ ሌላውን ራቁቱን ጥላ ሥር ማስቀመጥ፤ ከዚያ «የትኛው ቀድሞ ይቀልጣል?» ብሎ መጠየቅ። አብዛኞቹ ልጆች ወደ ጋቢው ይጠቁማሉ። ከሁለት ሰዓት በኋላ የቀለጠውን ውኃ በሁለት እኩል ብርጭቆ ቀድቶ ማሳየት ነው፤ ብዙ የቀለጠው ራቁቱን የቆየው ሆኖ ይገኛል። ሙከራው የሚበላሸው ባብዛኛው በሁለት ምክንያት ነው፦ ራቁቱ ጠርሙስ ፀሐይ ይነካዋል፣ ወይም ልጆቹ በየአምስት ደቂቃው ጋቢውን እየገለጡ ያያሉ። ጋቢው ከውጭ የሚመጣውን ሙቀት እንደከለከለ ካዩ በኋላ፣ በማግሥቱ ሁለት ትኩስ የተቀቀለ ድንች ወስዶ አንዱን በጋቢ መጠቅለል ነው። ያ ደግሞ ከውስጥ የሚወጣውን ይይዛል። መሶብ ውስጥ ያለ እንጀራ ለምን እንደማይቀዘቅዝ የሚናገር ልጅ ከመካከላቸው አይጠፋም።

ለጋቢው ኃይል የሚሰጡት በክሮቹ መካከል የተያዙት የአየር ክፍተቶች ናቸው። ስለዚህ ጥጥ ስትጠቀሙ ጠቅጥቃችሁ አትሙሉት፤ አየሩ ይወጣል። አመዳይም በውስጡ ብዙ አየር ስላለ ነጯ ድብ በእርሱ ውስጥ በቆፈረችው ጉድጓድ ግልገሎቿን ከብርድ ታስጠልላለች። የራሰ ጋቢ እንደማያሞቅ ደግሞ ዝናብ የመታው ሁሉ ያውቃል። ዳክዬ በውኃ ላይ ውላ የማትበሰብሰው ከጅራቷ ሥር የሚወጣውን ቅባት በምንቃሯ እየወሰደች ላባዋን ስለምትቀባ ነው። ለዚህ ከጧፍ የተሻለ ማሳያ የለም፦ የወረቀቱን ግማሽ በጧፍ አሽቶ በሁለቱም በኩል ውኃ ማንጠባጠብ። አንዱ በኩል ይጠጣል፣ ሌላው በኩል ውኃው ድቡልቡል ሆኖ ይንከባለላል።

ልጆች ከሁሉ የሚወዱት የስቡን ጓንት ነው፤ የሚበላሸውም ከሁሉ ይልቅ እርሱ ነው። የነጭ ድብ ስብ እስከ 10 ሳንቲሜትር ውፍረት ሊኖረው ይችላል። ይህን ለማሳየት በአንድ ጠንካራ ፌስታል ውስጥ 250 ግራም የአትክልት ቅቤ አድርጎ፣ ሁለተኛ ፌስታል በውስጡ አስገብቶ፣ የሁለቱን አፍ በፕላስተር ዙሪያውን ማጣበቅ ነው። የልጁ እጅ የሚገባው በውስጠኛው ፌስታል ስለሆነ ቅቤ አይነካውም። ሞራም ይሠራል፤ ግን ጾም የያዘ ቤተሰብም፣ ከብቱ እንዴት እንደታረደ የሚጠይቅ ቤተሰብም ስላለ የአትክልቱ ከንትርክ ያድናል። ፈሳሽ ዘይት አይሆንም፤ እጅ ሲጫነው ይሸሻል። በሐዋሳ እኩለ ቀን ቅቤውም ስለሚላላ ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ማቆየት ያስፈልጋል። ከዚያ በጣቶቹ መካከል እንዲገባ አድርጎ ማዳረስ ነው፤ አንዲት ባዶ ቦታ ካለች ልጁ «ይበርደኛል» ይላል፣ ልክም ነው።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ለሌላው እጅ ቅቤ የሌለው ድርብ ፌስታል ማዘጋጀት ነው። እርሱ ከሌለ ልጆቹ ብርዱን የከለከለው ፌስታሉ ነው ብለው ይሄዳሉ። በባልዲ 5 ሊትር ውኃና 2 ኪሎ ያህል የተሰባበረ በረዶ አድርጎ 10 ደቂቃ መጠበቅ ነው። ጨው በፍጹም አይጨመርበትም፤ ከዜሮ በታች ወርዶ ቆዳ ይጎዳል። ቅቤ የሌለው እጅ እስከ 10 ተቆጥሮ ይወጣል፤ ቅቤ ያለው እስከ 30። ቁስል ያለበት ልጅ ቆጣሪ ይሁን፤ በ«ኦ» ክፍል 50 ልጅ ካለ ቆጣሪም ሥራ አያጣም። ቴርሞሜትር የሚጠቀም ካለ የክሊኒኩን አይዋስ። እርሱ የሚለካው ከ35 እስከ 42 ዲግሪ ያለውን ብቻ ነው፤ የመስታወቱ ደግሞ ከተሰበረ ሜርኩሪው አደገኛ ነው።

ይህ ሁሉ ከተያዘ በኋላም ፔንግዊኑ ትንሽ ይታገሥ። ከሐዋሳ በሻሸመኔና በዶዶላ በኩል ወደ ባሌ ተራሮች የሚወጣ ሰው የሳነቴ አምባ ላይ ይደርሳል፤ አምባው 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው፣ ከፍተኛው ጫፉ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር ነው። እዚያ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ቀኑ ደግሞ ፀሐይ ነው። ይህ ከዋልታው ብርድ የተለየ ጠባይ አለው፤ ብርዱ በዓመት አንዴ ሳይሆን በየሌሊቱ ይመጣል። ስለዚህ የዚያ እንስሳት ስድስት ወር አይተኙም፣ ሌላ አገርም አይሰደዱም፤ ሌሊቱን ብቻ ማለፍ ነው ያለባቸው። አይጦቹ ሌሊት ጉድጓድ ገብተው ቀን ፀሐይ ሲሞቅ ይወጣሉ። ቀይ ቀበሮም ምግቡ እነርሱ ስለሆኑ ቀን ያድናል፤ ማታ ሜዳ ላይ ክብ ሆኖ ተጠቅልሎ አፍንጫውን ከጅራቱ ሥር ይቀብራል። በአለታማ ቦታ የሚኖረው ሽኮኮ ስንጥቅ ውስጥ ተደራርቦ አድሮ ጠዋት ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ይሞቃል። ለልጅ ከዚህ የሚቀርብ የለም፤ በሲዳማ ደጋ ወዳለችው ወደ ሁላ፣ አያቱ ቤት ሄዶ ያደረ ሕፃን የደጋን ብርድና የጠዋት ፀሐይ መሞቅን ያውቀዋል።

ቀበሮው ለምን ክብ ይሆናል? መልሱ ድንች ነው። ሁለት እኩል ድንቾች ቀቅሎ አንዱን እንዳለ መተው፣ ሌላውን አምስት ቦታ ቆርጦ ሳህን ላይ መዘርጋት። ከ10 ደቂቃ በኋላ የተቆረጠው ቀዝቅዞ ይገኛል፤ ለአየር የተጋለጠ ገላው ብዙ ነውና። የዋልታ ቀበሮ ጆሮ አጭር የሆነውም በዚህ ነው።

አሁን ፔንግዊኑ ይምጣ። የንጉሠ ነገሥት ፔንግዊን አባት እንቁላሉን እግሩ ላይ አስቀምጦ፣ በሆዱ ቆዳ እጥፋት ሸፍኖ፣ ምንም ሳይበላ 65 ቀን ገደማ ይታቀፋል። አባቶቹ ተጠጋግተው ይቆማሉ፣ ከዳር ያለውና ከመሐል ያለው ቦታ ይለዋወጣሉ። ይህን ለማሳየት እጅ በማያቃጥል ሙቅ ውኃ (ከ45 ዲግሪ ያልበለጠ) የተሞሉ ስምንት ትናንሽ ጠርሙሶች ያስፈልጋሉ። አንዱን ከመሐል፣ ስድስቱን ዙሪያውን አድርጎ በሲባጎ ማሰር፣ ስምንተኛውን ብቻውን ማቆም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የመሐሉንና ብቸኛውን መዳሰስ ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ካልተደረገ ግን በከተማችን ሙቀት ልዩነቱ አይታወቅም።

በብርድ ወራት ስለሚተኙት ብዙ ማለት አያስፈልግም። በአውሮፓ የሚኖረው ትንሹ ጃርት ሰውነቱ ወደ 5 ዲግሪ ገደማ ወርዶ እንደ ድንጋይ ይቀዘቅዛል፤ ድብ ግን ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው የሚወርደው፣ ሊነቃም ይችላል። «ሁሉም ይተኛሉ» አለማለት ብቻ ነው።

ስደተኞቹ ወፎች ግን ደጃችን ናቸው። ነጭ ሽመላ፣ ጅራቷ እንደ መቀስ የተሰነጠቀችው ትንሽ ወፍ፣ ደረቷ ቢጫ ሆኖ ጅራቷን ያለ ዕረፍት የምታወዛውዘው ሌላዋ፣ ሁሉም ከመስከረም ጀምሮ ወደ ስምጥ ሸለቆ ይደርሳሉ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ይመለሳሉ። የሚያሰድዳቸው ብርዱ ራሱ ሳይሆን ብርዱ የሚያጠፋው ምግብ ነው፤ ነፍሳት በውርጭ አይበሩም። ሐይቅ ዳር ለመውሰድ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ይመረጣል፤ ለስድስት ልጅ አንድ አዋቂ ያስፈልጋል፣ ጉማሬ ስላለ ቄጠማው ውስጥ መግባት ክልክል ነው። በሐይቁ ዳር የዓሣ ገበያ በአሞራ ገደል ዓሣ ተረፍ የሚለቅመውን ትልቅ ወፍ፣ አባ ኮዳን፣ ልጆቹ «ከአውሮፓ የመጣው ትልቁ» ይሉታል፤ እርሱ የአፍሪካ ነዋሪ ነው። እንዲያውም የእርሱ ችግር ተቃራኒው ነው፦ ሙቀት ሲበዛበት ኩሱን እግሩ ላይ ለቆ ሲደርቅ ይቀዘቅዝበታል፣ እግሩ የነጣውም በዚህ ነው። ይህን የሰማ ክፍል ለአምስት ደቂቃ ያህል ሌላ ነገር አይሰማም፤ ስለዚህ መጨረሻ ላይ ቢነገር ይመረጣል።

የልጆች ዓምዳችሁ ይህን ርዕስ የሚያወጣ ከሆነ ለኅዳር መጨረሻ ይሁንልን። ያኔ ጠዋቱ ይበርዳል፣ ወፎቹም ሐይቁ ላይ ናቸው፣ ጋቢውም ከሳጥን ወጥቷል። የቅቤው ጓንት ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ ከተቀመጠ ለአራት ክፍል ያገለግላል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ወጥ ቤት አይመለስም።

ከሐዋሳ የአፀደ ሕፃናት መምህራን