ምጽዋ ደሴቶቹ ብቻ አይደለችም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ሰሞኑን ስለ ምጽዋ ያወጣችሁት ጽሑፍ ወደቡንም የኮራል ድንጋይ ቤቶቹንም በደንብ አሳይቷል። ካርታው ግን ከዋናው ደሴት ቀጥላ ባለችው በጥዋለት ደሴት ላይ ቆሟል። ማዶ የብስ ላይ ያሉት ሕጡምሎ፣ እምኩሉና ሕርጊጎ በጽሑፉም በካርታውም የሉም። እነሱ ባይኖሩ ደሴቷ ያን ያህል ሰው ልታኖር አትችልም ነበር፤ ምክንያቱ ውሃ ነው።

ዋናውን ደሴትና ጥዋለትን ከየብስ ጋር ያያያዙት በባሕር ላይ የተደለደሉ ሁለት መንገዶች ናቸው። ከጥዋለት ወደ የብስ የሚወስደው አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ሁለቱን ደሴቶች የሚያገናኘው የዚያን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ያሠራቸው በ1870ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) ምጽዋን ለግብፅ ያስተዳድር የነበረው ስዊሳዊው ቨርነር ሙንዚንገር ነው። ከዚያ በፊት ወደ ደሴቷ የሚገባው ሁሉ፣ የሚጠጣው ውሃ ጭምር፣ በጀልባ ይሻገር ነበር።

ደሴቷ ኮራል ስለሆነች ጉድጓድ ቢቆፈር የሚወጣው ጨዋማ ውሃ ነው። ዝናቡም ደጋው በጋ በሚሆንበት ወቅት ጥቂት ጠብ ይላል እንጂ የዓመቱ ቢደመር 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ማጠራቀሚያ ጉድጓዶች ቢኖሩም ዓመት አያደርሱም። እምኩሉ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። ከደጋው የሚወርደው ጎርፍ አሸዋው ውስጥ ይሰርግና ከሥር ይጠራቀማል፤ ጉድጓድ ቆፍሮ ማውጣት ነው። ወደ ባሕሩ በተጠጉ ቁጥር ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ጨው የሌለው ውሃ ቀለል ስለሚል ከባሕሩ ውሃ በላይ ይተኛል፤ ከልክ በላይ ሲቀዳ ከሥር ያለው ጨው ሽቅብ ይመጣል። አንዴ ጨው የገባው ጉድጓድ ደግሞ በአንድ ዝናብ አይድንም።

ስለዚህ አቅም ያለው ነጋዴ ቀን ደሴቷ ላይ ሲነግድ ውሎ ማታ ሕጡምሎ ወይም እምኩሉ ያድር ነበር። ሙንዚንገር ከእምኩሉ እስከ ደሴቷ የውሃ መስመር የዘረጋውም ለዚሁ ነው።

ሕርጊጎን የወደቡ ጥገኛ መንደር አድርጎ ማየትም አያስኬድም። ኦቶማኖች በ1557 ምጽዋን ከያዙ በኋላ በአካባቢው ላይ ሥልጣኑ ውሎ አድሮ በሕርጊጎ ናይቦች (በኦቶማኖች ስም በሚገዙ የአካባቢው ሹማምንት) እጅ ገባ። ናይቦቹ ከደሴቷ ጋር ሲጣሉ መድፍ አላሻቸውም፤ ውሃ የጫኑትን ጀልባዎች ማስቆም ይበቃቸው ነበር።

ዶጋሊን የሚያውቅ አንባቢም እምኩሉን ማወቅ አለበት። ጥር 1887 ራስ አሉላ የደመሰሱት የጣልያን ጦር ሰዓጢ ለነበረው ምሽግ ስንቅና ጥይት ይዞ የተነሣው ከእምኩሉ ነው። ጣልያን ከዚያ ሽንፈት በኋላ ያስቸኮለው የምጽዋ–ሰዓጢ የባቡር ሐዲድ፣ 27 ኪሎ ሜትሩ፣ በ1888 ተጠናቀቀ። ባቡሩ አስመራ የገባው ግን በ1911 ነው።

ከሁሉ የገረመኝ የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚው አናሲሞስ ነሲብ አለመነሣቱ ነው። በባርነት ተሸጦ ምጽዋ ከደረሰ በኋላ በ1870 ነፃ ያወጣው ራሱ ሙንዚንገር ሲሆን፣ የተማረው በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። ወደ ኦሮምኛ የተረጎመው አዲስ ኪዳን በ1893 የታተመው እምኩሉ፣ በሚሲዮኑ ማተሚያ ቤት ነበር። ከእሱ ጋር የሠራችው አስቴር ጋኖም እምኩሉ በነበረው የሚሲዮኑ ትምህርት ቤት የተማረች ናት። የኦሮምኛ ጽሑፍ ታሪክ ከምጽዋ ዳርቻ ጋር እንዲህ የተሳሰረ ሆኖ ሳለ፣ ስለ ቤተ መንግሥቱ በረንዳ አንድ ሙሉ አንቀጽ ተጽፎ ስለዚህ አንድ መስመር መታጣቱ አይገባኝም።

ካርታውን ዳግም ስታወጡ ከጥዋለት በስተምዕራብ ሕጡምሎን፣ ከእሱ አለፍ ብሎ እምኩሉን፣ በስተደቡብ ከባሕሩ ዳር ሕርጊጎን እንድታስገቡ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ