ሰዓቱን ከማስነሳትህ በፊት

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመሃል? ማን ቀድሞ ጠፋ እያልን አንወቃቀስ፤ ስንገናኝ እንተሳሰበዋለን። መልእክትህ ደርሶኛል። «ዩሮፓ ዩኒቨርሳሊስ 4ን ጫንኩት፣ ካርታው ተከፈተ፣ ሁለት ጦርነት ተሸንፌ ዘጋሁት፤ ምን አጥፍቼ ነው?» ብለሃል። መልሱ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ነው እንዲህ ቁጭ ብዬ የምጽፍልህ።

እንዲህ ያሉ፣ አገር መርጠህ በካርታ ላይ የምትመራባቸው የኮምፒውተር ጌሞች ጀማሪን የሚያሳስቱት በካርታው ነው። ዓይን ወደ ቀለሙና ወደ ጦሩ ይሄዳል፤ ሥራው ያለው ግን ከላይ በተደረደሩት ቁጥሮች ላይ ነው። «ጦሬ ደካማ ስለሆነ ነው» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የተሸነፈው ገና ጦርነቱ ሳይታወጅ ነው። ወይ ካዝናው ባዶ ነበር፣ ወይ የጠላቱን ወዳጆች አልቆጠረም፣ ወይ ጦሩን ወንዝ አሻግሮ ተራራ ላይ ወርውሮታል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የምትማረው የጌሙን ሰዓት የሚያቆመውንና የሚያስነሳውን ስፔስ ባር መጫን ነው። ሰዓቱ ቆሞ ሳለ ሁሉንም ትእዛዝ መስጠት ትችላለህ፤ የሚቸኩልብህ የለም። ቁጥር ባየህበት ቦታ ሁሉ የማውሱን ጠቋሚ አሳርፍበት፦ ያ ቁጥር ከምን ከምን እንደተደመረና ምን እንደተቀነሰበት ተዘርዝሮ ይወጣልሃል። አጋዥ ቪዲዮዎች ከሚነግሩህ ይሄ ዝርዝር ይበልጣል፤ ስለ አንተ አገር፣ ስለ ዛሬዋ ቀን የሚናገር እሱ ብቻ ነውና።

አገር ስትመርጥ ልብህ ወዴት እንደሚሄድ አውቃለሁ። ጌሙ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 11 ቀን 1444 ነው፤ በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ ዙፋን ላይ ያሉት ዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው። ያጓጓል። ግን ለሁለተኛ ጨዋታህ አቆያቸው። ኢንስቲትዩሽን የሚባሉ ከአገር ወደ አገር የሚስፋፉ የዘመን ለውጦች አሉ፤ ለምሳሌ ሬኔሳንስ በ1450 ከጣሊያን ይነሣል፤ አፍሪካ ቀንድ እስኪደርስ ብዙ ዓመት ይፈጃል፣ እስኪደርስ ድረስም ቴክኖሎጂ ዓመት በዓመት እየተወደደብህ ይሄዳል። መሠረቱን ያላወቀ ሰው ይህን ሲያይ የራሱ ጥፋት ይመስለዋል። ጸጥ ያለ ነገር ከፈለግህ ፖርቱጋል ጥሩ ናት፤ በአውሮፓ በየብስ የምትጎራበተው ካስቲልን ብቻ ስለሆነ እሷን ወዳጅ ካደረግህ ጀርባህን የሚነካህ የለም። ጦርነት ለመማር ግን ከኦቶማን የተሻለ የለም፤ ጎረቤቶቹ ደካሞች ናቸው፣ ጦሩ ጠንካራ ነው፣ ብትሳሳትም አትጠፋም። በጀርመን ምድር ካሉት ትንንሽ መሳፍንት አንዱን ግን አትያዝ፤ የቅድስት ሮማ ግዛት ሕግ ብቻውን አንድ ጌም ነው።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ። በዚህ ጌም ከገንዘብ በላይ ውድ የሆኑት ሦስት ዓይነት ነጥቦች ናቸው፦ የአስተዳደር፣ የዲፕሎማሲና የወታደራዊ። በየወሩ ከእያንዳንዱ 3 በነፃ ታገኛለህ። ንጉሥህ በየዘርፉ ከ0 እስከ 6 ችሎታ አለው፣ እሱ ይደመራል፤ የቀጠርከው አማካሪ ደረጃም ይደመራል። እንግዲህ አስላው። ንጉሥህ በአስተዳደር 2 ከሆነና ደረጃ 1 አማካሪ ካለህ በወር 6 ታገኛለህ ማለት ነው። አንድ የቴክኖሎጂ ደረጃ መነሻ ዋጋው 600 ነው፤ 100 ወር፣ ከ8 ዓመት በላይ። አሁን ደግሞ ድምር ልማቱ (የመሬቱን ሀብትና ሰው የሚለካው ቁጥር) 20 የሆነ መሬት በጦርነት ወሰድክ እንበል። ያን መሬት ኮር ለማድረግ፣ ማለትም የራስህ አድርገህ ለማጽደቅ፣ በአንድ የልማት ነጥብ 10 የአስተዳደር ነጥብ ነው መነሻው፤ 200 ሄደ። ወደ 33 ወር የሚጠጋ ቁጠባ በአንድ ፊርማ ነደደ። ጎረቤቶቻቸውን ሁሉ የዋጡ ጀማሪዎች 50 ዓመት ሳይሞላቸው በቴክኖሎጂ ወደ ኋላ የሚቀሩት በዚህ ስሌት ነው። መውረር ክልክል ነው አላልኩህም፤ ዋጋውን አውቀህ ውረር ነው የምልህ።

ስለዚህ ሰዓቱን ከማስነሳትህ በፊት ሦስት አማካሪ ቅጠር። መጀመሪያ ላይ ደረጃ 1 አማካሪ በወር 1 ዱካት (የጌሙ ገንዘብ ነው)፣ ደረጃ 2 ደግሞ 4፣ ደረጃ 3 ደግሞ 9 ዱካት ገደማ ይበላል። በነጥብ አንድ ብቻ እየጨመረ በገንዘብ እንዴት እንደሚያሻቅብ ልብ በል፤ ለጀማሪ አገር ሦስት ደረጃ 1 ይበቃል። ከዚያ ተቀናቃኞችህን ምረጥ፣ አንዱን ዲፕሎማት ወደምትፈልገው ወዳጅ ግንኙነት እንዲያሻሽል ላክ፣ ሌላውን ልትወጋው ወዳሰብከው አገር የስለላ መረብ እንዲዘረጋ ላክ። መረቡ 20 ሲደርስ በአንድ አውራጃ ላይ የይገባኛል ጥያቄ መፍጠር ትችላለህ፤ ለ25 ዓመት የጦርነት ሰበብ ሆኖ ያገለግላል። ያለ ካዙስ ቤሊ፣ ያለ ሰበብ ማለቴ ነው፣ ጦርነት ብታውጅ መረጋጋትህ 2 ይወርዳል፤ አንዱን መልሶ ለመግዛት ደግሞ መነሻው 100 የአስተዳደር ነጥብ ነው። ንግዱን ለጊዜው እርሳው፤ አንዱ ነጋዴ በአገርህ የንግድ ማዕከል ገቢ ይሰብስብ፣ ሌላው ከላይ ካለው ማዕከል ወዳንተ ይንዳ፣ ለጀማሪ ይበቃል።

ኦቶማንን ይዘህ ቁስጥንጥንያን ለመውሰድ ስትነሣ ምን ምን እንደሚበላሽ ልንገርህ። ከተማይቱ በባይዛንታይን እጅ ናት፤ አቴንስም የእሷ ገባር ናት። የጦርነት ማወጃውን መስኮት ክፈትና ገና ሳትጫነው ማን ማን ከጎኗ እንደሚቆም አንብብ፤ ዝርዝሩ እዚያው አለ። አስፈሪ ስም ካለበት ዝጋውና ጥቂት ወራት ጠብቅ፣ ወዳጅነት ይፈርሳል። ቀጥሎ የጦር ወጪ ማስተካከያውን እይ። በሰላም ጊዜ ዝቅ አድርጎ መቆጠብ ደግ ነው፤ ነገር ግን ዝቅ ሲል ሞራልም አብሮ ይወርዳል፣ ተመልሶ የሚሞላውም በወራት ነው። ከማወጅህ በፊት ከፍ አድርገህ የሞራሉ መስመር እስኪሞላ ጠብቅ። «በቁጥር በልጬ እንዴት በሁለት ቀን ሸሸሁ» የሚለው ጥያቄ መልሱ ብዙውን ጊዜ እዚህ ነው ያለው።

ከዚያ መርከቦቹ። የኦቶማን መሬት በአውሮፓና በእስያ ተከፍሏል፤ በመካከሉ ያለውን ጠባብ ባሕር ጦርህ በእግሩ ይሻገረዋል፣ ግን የጠላት መርከብ ያን ባሕር ከያዘው መሻገሪያው ሊዘጋብህ ይችላል። እንዲያ ከሆነ ግማሹ ጦርህ አናቶሊያ ላይ ቆሞ ሌላው ግማሽ ሲያልቅ ያያል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ጋሊዎችህን፣ በመቅዘፊያ የሚሄዱትን የጦር መርከቦች፣ ወደ ማርማራ ባሕር ስደድ፤ ጋሊ እንደዚህ ባለ የተዘጋ ባሕር ላይ የውጊያ ጉልበቱ እጥፍ ነው። ይህ ለከበባውም ይጠቅምሃል። የወደብ ከተማ ከብበህ ወደቡን ካልዘጋህ ጌሙ ከሚጥልልህ ዳይስ (የዕድል ቁጥር) 2 ይቀነሳል። ከበባ በየ30 ቀኑ አንድ ዳይስ ይጥላል፣ ከ1 እስከ 14፤ የጄኔራልህ የከበባ ችሎታና እስካሁን ያገኘኸው ውጤት ይደመራል፣ የምሽጉ ደረጃ ይቀነሳል፣ ድምሩ 20 ሲደርስ በሩ ይከፈታል። 1 ከወጣ በሽታ ገብቶ ከጦርህ 5 በመቶ ይሞታል። መድፍ ብዙ ይረዳ ነበር፤ ግን መድፍ የሚገኘው ወታደራዊ ቴክኖሎጂ 7 ላይ ነው። መሐመድ 2ኛ በ1453 ያን ግንብ በታላላቅ መድፎች ሲደበድበው፣ አንተ በዚያው ዓመት መድፍ የለህም፤ ጌሙ ከታሪክ ያፈነገጠበት ቦታ ነውና አትገረም፣ ወራቱን ታገሥ።

ስለ ሜዳ ውጊያ አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ ልንገርህ። 20,000 ሰው ይዘህ 12,000 ላይ ትሄዳለህ፣ ትሸነፋለህ። ለምን? ውጊያው በየሦስት ቀኑ ዳይስ ይጥላል፣ ከ0 እስከ 9። አጥቂው ወንዝ ከተሻገረ 1 ይቀነስበታል፣ ተራራ ከሆነ 2 ይቀነስበታል። አንድ ላይ ከዳይስህ 3 ሄደ። ጠላት ጄኔራል ካለውና አንተ ከሌለህ ልዩነቱ ይሰፋል፤ ጄኔራል ለመቅጠር 50 ወታደራዊ ነጥብ ነው፣ አትቆጥበው። ደግሞ ግንባሩ ስፋት አለው፦ በ1444 አካባቢ 20 ሬጅመንት (የ1,000 ሰው ክፍል) ብቻ ነው በአንድ ጊዜ ፊት ለፊት የሚሰለፈው። 16 እግረኛና 4 ፈረሰኛ ጥሩ መነሻ ነው፤ ትርፉ ከኋላ ቆሞ ተራ ይጠብቃል፣ እስኪደርሰውም ሞራሉ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ክምር አትላክ፤ አንዱ እየተዋጋ ሌላው በአጎራባች አውራጃ ይቁምና በኋላ ይግባ። እንዲያው ብትችል ተራራው ላይ አንተ ስፈር፣ እነሱ ይምጡ።

አሸነፍክ እንበል። የሰላሙ ጠረጴዛ ላይ ነው ሁሉም የሚያብደው። የወሰድከው መሬት ሁሉ በጎረቤቶችህ ዘንድ አግሬሲቭ ኤክስፓንሽን የሚባል ጥላቻ ያስመዘግብብሃል። ለአንድ አገር 50 ከደረሰና ስላንተ ያለው አስተያየት ከዜሮ በታች ከሆነ ኮአሊሽን ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ኮአሊሽን ማለት አንዱን ስትነካ ሁሉም ይነሡብሃል ማለት ነው። ጥላቻው በዓመት ወደ 2 ገደማ ነው የሚቀንሰው። 56 ላይ ያለ አገር ከ50 በታች እስኪወርድ ከሦስት ዓመት በላይ ይፈጃል። የሰላም መስኮቱ ከመፈረምህ በፊት ማን ምን ያህል እንደሚቆጣ ያሳይሃል፤ ከሁሉም መስኮቶች ይሄን በጥሞና አንብብ። ሁለተኛው ወሰን ኦቨርኤክስቴንሽን ነው፦ ኮር ያልሆነ መሬት ተደምሮ 100 በመቶ ካለፈ አመፅና መከራ በየወሩ ይዘንብብሃል። ኮር ማድረግ መነሻው 36 ወር ነው፤ ስለዚህ በፈረምክበት ቀን ሰዓቱን አቁመህ የሁሉንም አዝራር ተጫን። ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ ከዓመት በኋላ አመፁ ከየት መጣ ይላል። ከጠላትህ ጋር ያለህ ትሩስ፣ ያለመዋጋት ውል ማለት ነው፣ እንደወሰድከው መጠን ከ5 እስከ 15 ዓመት ይቆያል፤ በዚያ ጊዜ ሌላ አቅጣጫ ተመልከት ወይም ነጥብህን ሰብስብ።

ብድር ይፈራል፣ ያለ ነገር አይደለም፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይባል የለ? ግን ጦርነቱን ለመጨረስ አንድ ሁለት ብድር መውሰድ ክፉ አይደለም። መነሻ ወለዱ በዓመት 4 በመቶ፣ ዘመኑ 5 ዓመት ነው፣ በሰላሙ ላይ የምትቀበለው ዱካት ሊከፍለው ይችላል። ክፉው ወለዱን በሌላ ብድር መክፈል ስትጀምር ነው። ከዚያ በፊት በድንበር ያልሆኑትን ምሽጎች ቆልፋቸው፤ ወጪያቸው በግማሽ ይወርዳል።

ስለ ሌሎቹ የዚህ ዓይነት ጌሞችም ጠይቀኸኛል። ክሩሴደር ኪንግስ 3 በ2020 የወጣው ለጀማሪ ከሁሉም ደግ ነው፤ ማብራሪያው ውስጥ ያለው ቃል ራሱ ሌላ ማብራሪያ ይከፍታል፣ ማስተማሪያውም በ1066 አየርላንድ ላይ ነው። እዚያ የሚገድልህ ውርስ ነው፦ አባት ሲሞት መሬቱ ለልጆቹ ይከፋፈላል። የውርሱን መስኮት ንጉሡ ሳያረጅ እይ። ሃርትስ ኦቭ አይረን 4 ከ1936 የሚጀምር ነው፤ ማስተማሪያው ኢጣሊያን አስይዞ ኢትዮጵያን የሚያስወር መሆኑ ቆሽትህን ካሳረረው ዝለለው፣ ብዙም አይቀርብህም። እዚያ የምትማረው ፋብሪካና ስንቅ ነው፤ ጠብመንጃ ሳይመረት ክፍለ ጦር ማሠልጠን ባዶ እጁን ያለ ሰው መላክ ነው፣ የባቡር ሐዲድና ወደብ በሌለበት ደግሞ ትልቅ ጦር ሳይዋጋ ይረግፋል። ቪክቶሪያ 3 ደግሞ ከ1836 እስከ 1936 ያለውን የኢኮኖሚ ዘመን ይዟል። ጦርነት የሚወድ ሰው ይሰለቸዋል፤ አንተ ግን የሒሳብ ሰው ስለሆንክ በኋላ የምትቀርበት እሱ ላይ ይመስለኛል።

ጥቂት የቤት ጣጣ ይቀረኛል። አይረንማን የሚባለውን አሁን አታብራ፤ ሴቩ አንድ ብቻ ስለሚሆን ወደ ኋላ መመለስ የለም። ከማወጅህ በፊት ሴቭ አድርግ፣ ከተሸነፍክ ተመልሰህ አንድ ነገር ብቻ ቀይረህ ድገመው፤ ወንዙን ሳትሻገር ምን እንደሚሆን የምታውቀው እንዲህ ነው። ቪዲዮ ስታይ የተሠራበትን የጌሙን ስሪት ቁጥር እይ፤ የአሥር ዓመት ቪዲዮ ዛሬ በሌለ ሕግ ላይ ያስተምርሃል። ተጨማሪ ጥቅሎቹንም አትግዛ፤ በብዙ ሰው ጨዋታ ጊዜ አስተናጋጁ ያለው ጥቅል ለሁሉም ይከፈታል፣ እኔ አስተናግዳለሁ። አንድ አገር ለሁለት መያዝም ይቻላል፦ አንተ ጦሩን፣ እኔ ካዝናውን። ለዚህ የሁለታችን ስሪት አንድ መሆን አለበት፤ መነሻ ገጹ ላይ ከስሪት ቁጥሩ ጎን አራት የፊደልና የቁጥር ምልክቶች አሉ፣ እነሱን አይተህ ላክልኝ። ካልገጠሙ ጌሞች በሚወርዱበት መደብር፣ በስቲም ላይ ከጌሙ ባሕርያት ውስጥ ገብተህ የቆየውን ስሪት መምረጥ ይቻላል፣ እኔ ያንተን እይዛለሁ።

ቤተሰብህን ሰላም በልልኝ።

ወንድምህ