አጥንት ያለው ዳቦ

ጅማ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወዳጄ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመሃል እያልሁ የናፍቆት ሰላምታዬን አቀርብልሃለሁ። እኔም፣ እማዬም፣ ባለቤቴና ልጆቼም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን ማጥፋቴን በምን እንደማሳብብ አላውቅም፤ ለመጨረሻ ጊዜ የጻፍህልኝ ደብዳቤ መሳቢያዬ ውስጥ እያለ፣ ዛሬ ነገ ስል ጊዜው ሄደ። ይቅርታህን የምለምነው ደግሞ ጉዳይ ይዤ ነውና፣ ብትታዘበኝም እስከ መጨረሻው አንብብልኝ። የቤት ዳቦ መጋገሪያ ማሽን ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ እያልሁ ሁለት ሳምንት ሳወጣና ሳወርድ ከቆየሁ በኋላ፣ የኤሌክትሪክን ነገርም የእማዬን ዳቦም እኩል የሚያውቅ ሰው ካንተ በቀር እንደሌለኝ ትዝ አለኝ።

ነገሩ የጀመረው ከእማዬ እጅ ነው። ተማሪ ሳለህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ወጥተህ ቤታችን ስትመጣ፣ ከኮባው ጋር የተጣበቀውን ቅርፊት እየፋቅህ ትበላው የነበረውን ድፎ ያቦኩ የነበሩ እጆች፣ ዛሬ አንጓቸው አብጦ ብርጭቆ ማንሳት እንኳ ይከብዳቸዋል። ሐኪም ሊጥ እንዳታሽ ቢከለክላትም፣ ባለፈው ገና ዋዜማ ሌሊት ተነሥታ በድብቅ ስታቦካ ደርሰንባታል። ከዚያ ወዲህ ከሰፈራችን ዳቦ ቤት እንገዛለን፤ ዋጋው ወደ ላይ፣ መጠኑ ወደ ታች እየሄደ፣ ጠዋት የገዛነው ማታ ሲቆርሱት ይፈረፈራል። እኔም እጅጌዬን ሰብስቤ ለማቡካት ሞክሬ ነበር። እማዬ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ «አትደባብሰው እንጂ፣ እሸው!» እያለች ስታዝዘኝ ቆይታ፣ የወጣውን ዳቦ ቀምሳ ምንም ሳትናገር ሻይዋን ጠጣች። ዝምታዋን ታውቀዋለህ።

በዚህ መካከል ከአሜሪካ ተመልሳ አብራን የምትሠራ አንዲት ባልደረባዬ፣ ይዛው የመጣችውን ማሽን በአንድ ወር ተኩል ደመወዜ ልትሸጥልኝ እንደምትፈልግ ነገረችኝ። አዲሱ በ2016 ሐምሌ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከኪሴ አቅም ውጭ ሆኗል። እርሷ ግን «መጀመሪያ ወስደህ ሞክረው» ብላ ለአንድ ሳምንት አዋሰችኝ።

ማሽኑ ከውጭ ሲያዩት የሩዝ ማብሰያ የሚመስል ሣጥን ነው። ውስጡ እጀታ ያለው ጎድጓዳ መጥበሻ አለ፤ ከመጥበሻው ሥር አንዲት ትንሽ መቅዘፊያ ትሽከረከራለች፤ ዙሪያውን ደግሞ የሚያሞቅ ሽቦ ከብቦታል። ውኃውን፣ ዱቄቱን፣ ጨውና እርሾውን በልክ ጨምረህ ክዳኑን ከዘጋህ፣ ራሱ ይለውሳል፣ ያሳርፋል፣ እንደገና ያሻል፣ ኩፍ እስኪል ይጠብቃል፣ ከዚያም ይጋግራል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ይህን ዓይነቱን ዕቃ ቀድመው ለገበያ ካቀረቡት አንዱ የጃፓኑ ማትሱሺታ ኩባንያ ሲሆን ጊዜውም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር 1987 ነበር። መሐንዲሶቹ ሊጡ በትክክል አልታሽ ቢላቸው፣ አንዲት የኩባንያው ሶፍትዌር ባለሙያ ኦሳካ በሚገኝ አንድ ሆቴል ካለ ዳቦ ጋጋሪ ዘንድ ሄዳ ተማረች፤ ሰውዬው ሊጡን እየሳበ እንደሚጠመዝዘው ያየችውም በዚያ ነው። ይህን ለእማዬ ስነግራት «እኔ ዘንድ ብትመጣ ኖሮ በነጻ አስተምራት ነበር» አለች።

የመጀመሪያው ሙከራዬ አፍሮ ወጣ። መመሪያው ላይ በተጻፈው ልክ 500 ግራም ፉርኖ ዱቄትና አንድ ሙሉ የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ አደረግሁ፤ ሊጡ እስከ ክዳኑ ድረስ አብጦ ሲያበቃ፣ መጋገር እንደ ጀመረ መሐሉ እንደ ቆዳ ቁርበት ገባ ብሎ ተኛ። ምክንያቱ ቆይቶ ነው የገባኝ፤ መመሪያው የተጻፈው ለቆላ አገር ነው፣ ጅማ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች አየሩ ሳስቶ ሊጡ ፈጥኖና ከልክ በላይ ይነፋል። በማግሥቱ እርሾውን በሩብ ቀንሼ፣ ለብ ባለው ፈንታ ቀዝቃዛ ውኃ ጨምሬ ብሞክረው፣ ልጆቼ ሳይቀዘቅዝ ግማሹን ጨረሱት። ያስፈጨነውን ሙሉ ስንዴ ብቻውን ስሞክር ግን ዳቦው ጡብ ሆነ፤ ከፉርኖው ጋር እኩል ለእኩል ካልቀላቀሉት በቀር አይሆንም። ለጤፍማ ጭራሽ አይታሰብም፤ ሊጡን አያይዞ የሚያስነሣው ነገር የለውም።

እማዬ ሁለተኛውን ዳቦ ገልብጣ ስታየው ከሥሩ አንድ ቀዳዳ አገኘች፤ ቀዳዳው ውስጥም መቅዘፊያዋ ተቀርቅራ ቀርታ ነበር። በቢላ ጫፍ ጎትታ አውጥታ፣ እንደ ዶሮ ብልት ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየቻትና «ዳቦ አጥንት አለው እንዴ?» ስትል ቤቱ በሳቅ ተናወጠ።

እዚህ ላይ ዋናው ጥያቄዬ ይመጣል። ማሽኑ ሥር የተለጠፈው ጽሑፍ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ፣ 550 ዋት ይላል፤ የእኛ መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ መሆኑን ላንተ መንገር ለቄስ መስቀል ማሳየት ነው። ሳምንቱን የሠራነው ባልደረባዬ ባዋሰችኝ ቮልት ቀናሽ ትራንስፎርመር ሲሆን፣ እርሷ አትሸጠውም፤ በዚያ ላይ ሲሠራ እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል፣ እጅ ሲያስነኩትም ይፋጃል። 1,000 ዋት የሚችል ብገዛ ይበቃል ወይስ ከዚያ በላይ ያስፈልጋል? ኸርዙ መለየቱስ ሞተሩን እንደ ዓይነቱ በስድስተኛ እጅ ያህል ሊያዘገየው ይችላል የሚሉት እውነት ከሆነ፣ ሊጡ ሳይታሽ ይቀር ይሆን? ከሥሩ ያለችው የጎማ ቀበቶ ብትበጠስስ ምትኳ መርካቶ ትገኛለች? እዚህ ጅማ ጠይቄ አላገኘሁም።

የቆጣሪውን ነገር አልፈራሁም። የእንጀራ ምጣዳችን ብቻውን ከ3,000 ዋት በላይ ሲበላ፣ ይህኛው ለአንድ ዳቦ ቢበዛ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። የሚያስፈራኝ የመብራቱ መጥፋት ነው። ግልገል ጊቤን የሚያህል ግድብ በቅርባችን ይዘን ሻማ የምንገዛ ሰዎች መሆናችንን አንተው ነበርህ የምትቀልድበት። ሦስተኛው ዳቦ ኩፍ ብሎ ሊጋገር ሲል መብራት ሄደ፤ ከአርባ ደቂቃ በኋላ ሲመለስ ማሽኑ የት እንደ ደረሰ ረስቶ ከ«ሀ» ሊጀምር ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ።

እውነቱን ለመናገር ሐሳቤን ያናወጠው ይህ ብልሽት ነው። መብራቱ እንደ ጠፋ እማዬ «ምን ቆማችሁ ታያላችሁ? ኮባ ቁረጡ፣ ከሰል አያይዙ» ብላ አዘዘች። ሊጡን ከመጥበሻው ገልብጠን፣ ጥቁር አዝሙድ ነስንሰንበት፣ በኮባ ጠቅልለን ሸክላው ምጣድ ላይ ከላይና ከታች እሳት አደረግንለት። የወጣው ድፎ የእማዬ ድፎ ነበር ብልህ አጋንኜ ይሆናል፤ እርሷ ግን ቆርሳ መረቀችን፤ የማሽኑን ባለ አራት ማዕዘን ዳቦ አንድም ጊዜ መርቃበት አታውቅም። ለካስ እኛን የቸገረን መጋገሩ ሳይሆን ማቡካቱ ኖሯል። ማሽኑ ደግሞ አቡክቶና ኩፍ አስብሎ ብቻ የሚያቆምበት ቁልፍ አለው፤ አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል፤ ከታሸ በኋላ መብራት ቢጠፋም ሊጡ ባለበት ተቀምጦ ይነሣል እንጂ አይበላሽም። እንግዲያው አንድ ወር ተኩል ደመወዝ የምከፍለው ለሊጥ ማቡኪያ ብቻ ከሆነ፣ ውድ ነው ትላለህ? ባለቤቴ ውድ ነው ባይ ናት፤ ልጅ ቀጥረን ብናስቦካ ይሻላል ትላለች። እኔ ግን እማዬ ሌሊት ተደብቃ የምትነሣበት ምክንያት እንዲጠፋ ብቻ እንኳ ልገዛው ዳድቶኛል፤ የሚያስቀረኝ ትራንስፎርመሩና ቀበቶዋ ናቸው።

ባልደረባዬ እስከ ወሩ መጨረሻ ጠብቂኝ ብያት እሺ ብላኛለች፤ ከዚያ በላይ ግን ሌላ ፈላጊ አላት። መልስህን ቶሎ ጻፍልኝ፤ ካልተመቸህም ደውልልኝ፣ ቁጥሬ ያው የድሮው ነው። እማዬ «ያ ቅርፊት ፋቂ ልጅ ደህና ነው ወይ?» ብላ ትጠይቅሃለች፤ ትራንስፎርመሩን ራስህ ይዘህ ብትመጣ ደግሞ ኮባው ጓሮ ውስጥ እንዳለ ንገረው ብላኛለች።

የቀድሞ ወዳጅህ