ለፎቶ ቡድናችን አባላት፦ ስለ መጠባበቂያ ቅጂ

የተከበራችሁ አባላት፣

ባለፈው ሳምንት ሃርድ ዲስኬ ከጠረጴዛ ወደቀ። ስሰካው ጠቅ፣ ጠቅ ይላል እንጂ አይከፈትም። እንጅባራ ላይ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞችን በዓል ሳነሳ የዋልኩት ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበር። የተረፍኩት ደብረ ማርቆስ እህቴ ቤት ሌላ ቅጂ ስለነበረኝ ብቻ ነው።

ደንቡን ታውቁታላችሁ፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ሁለት ዲስክ በአንድ መሳቢያ ማኖር የሌባውን ድካም መቀነስ ነው። ቀድታችሁ ስትጨርሱ ዲስኩን ንቀሉት፤ ተሰክቶ ከዋለ ኮምፒውተሩን ያገኘ ቫይረስ እሱንም ያገኘዋል፤ መብራት ሄዶ ሲመለስም አደጋ አለው። ፍላሽ ለማመላለሻ እንጂ ለዓመታት ማኖሪያ አይሆንም። በቴሌግራም የላካችሁትንም ቅጂ ብላችሁ አትቁጠሩት፤ እንደ ፋይል ካልተላከ ምስሉ ተጨምቆ ጥራቱ ይቀንሳል።

የአቃፊ ስም ላይ ሁልጊዜ እንጨቃጨቃለን። እኔ ዓመቱን አስቀድሜ «2017-05-23 እንጅባራ» ብዬ እጽፋለሁ፤ በተራ ይሰለፉልኛል። ካሜራዬ ግን ያንኑ ቀን 2025-01-31 ብሎ መዝግቦታል። በየትኛውም አቆጣጠር ጻፉ፤ ሁለቱን ብቻ አትቀላቅሉ።

ባሕር ዳር ያላችሁ፣ በክረምት ዲስኩን ከአዲስ ጫማ ካርቶን ከምትገኘው እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጋር ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡት።

ለሚቀጥለው ስብሰባ እያንዳንዳችሁ መጠባበቂያ ዲስካችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ከውስጡ ሦስት ፎቶ ከፍታችሁ ታሳያላችሁ። እስከዚያው የካሜራ ካርድ አታጽዱ።