ስለ ሎይድ ሪቻርድስም አንድ ነገር ፃፉ እንጂ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለናንተ ይሁን። የኪነጥበብ ገፃችሁን ከሀገር ከወጣሁ በኋላም በኦንላይን ሳላቋርጥ ነው ምከታተለው፣ ስለዚህ ቅሬታዬን እንደ ቤተሰብ ቅሬታ ቁጠሩልኝ። ስለ «ዘ ፒያኖ ሌሰን» ፊልም ያወጣችሁት ፅሁፍ ጥሩ ነበር። ዴንዝል ዋሽንግተን ፕሮዲዩስ እንዳደረገው፣ ልጁ ማልኮም ዳይሬክት እንዳደረገው፣ ሌላኛው ልጁ ጆን ዴቪድ እንደተወነበት፣ ደራሲው ኦገስት ዊልሰን እንደሆነ፣ ሁሉም አለበት። ግን ያንን ድራማ ከወረቀት አንስቶ መድረክ ላይ ያቆመው፣ በ1995 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው) ደሞ ለቴሌቪዥን ራሱ ፊልም ያደረገው ሰውዬ አንዴም ስሙ አልተነሳም። ሎይድ ሪቻርድስ ነው ሚባለው።

የጃማይካ ስደተኞች ልጅ ነው፣ በ1919 ቶሮንቶ ተወልዶ ዲትሮይት አደገ። አባቱ በልጅነቱ ሞቱ፣ እናቱ የአይናቸውን ብርሃን አጡ፣ እሱ ጫማ እየጠረገ ነው ቤት ያገዘው። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ህግ ሊማር ነበር፣ ቲያትሩ ጠለፈው። ከዛ ኒውዮርክ ወርዶ እየተወነም እያስተማረም ሲኖር ካስተማራቸው ልጆች አንዱ በኋላ ስመጥር ተዋናይ የሆነው ሲድኒ ፖይቲየር ነው፣ ያኔ ገና ማንም አያውቀውም፣ እና አንድ ቀን ብሮድዌይ ላይ (የኒውዮርክ ትልልቆቹ ቲያትር ቤቶች ያሉበት ማለት ነው) ትልቅ ስራ ከደረሰኝ አንተ ነህ ምታዘጋጀው ብሎት ነበር። ሰው እንዲህ ብሎ ሲያበቃ ሲያልፍለት ይረሳል አይደል፣ ፖይቲየር አልረሳም። የሎሬይን ሃንስቤሪ «ኤ ሬይዚን ኢን ዘ ሰን» እጁ ሲገባ ሪቻርድስን ይዞ መጣ፣ ድራማው በማርች 1959 ብሮድዌይ ተከፈተና 530 ጊዜ ታየ። ደራሲዋ ጥቁር ሴት፣ አዘጋጁ ጥቁር፣ በዛን ዘመን ይሄ ታይቶ አይታወቅም ማለት ይቻላል።

አሁን ልብ በሉ። በ1961 ይሄው ድራማ ፊልም ሆነ። ፖይቲየር አለ፣ ዋና ዋናዎቹ ተዋንያን እነዛው ናቸው፣ ስክሪፕቱን የፃፈችው ራሷ ሃንስቤሪ ናት፣ ዳይሬክተሩ ግን ዳንኤል ፔትሪ የሚባል ነጭ ሆነ። ፔትሪን ለመውቀስ አይደለም፣ ፊልሙ ጥሩ ፊልም ነው። ግን ትልልቆቹ የሆሊውድ ስቱዲዮዎች ለጥቁር ዳይሬክተር ፊልም መስጠት የጀመሩት በ1969 በጎርደን ፓርክስ ነው፣ ስለዚህ እነዛን ትወናዎች ከተዋንያኑ ጋር ቁጭ ብሎ መስመር በመስመር ያወጣው ሰውዬ ስራው በሌላ ሰው ስም ስክሪን ላይ ወጣ። ዛሬ ፊልሙን አይቶ ሪቻርድስን ሚያነሳ ስንት ሰው አለ? የመድረክ አዘጋጅ እጣው ይሄው ነው፣ መጋረጃው ሲዘጋ ስራው አብሮ ይጠፋል፣ እናንተ ካልፃፋችሁት ማን ይፅፈዋል?

ከዛ በኋላ የነበሩት ዓመታት ለሱ ቀላል አልነበሩም፣ ብሮድዌይ ላይ ያዘጋጃቸው ሌሎቹ ድራማዎች አልሰመሩም፣ ጥቂት ቀን ብቻ ታይተው የወረዱም አሉ። እኔ በጣም ምወደው ስራው ግን ካሜራም ጋዜጠኛም ብዙ ያልሄደበት ቦታ የሰራው ነው። ከ1968 እስከ 1999 ኮነቲከት ዋተርፎርድ በሚባል የባህር ዳር ከተማ ኦኒል ሴንተር የሚባል የቲያትር ማእከል ውስጥ የደራሲዎችን የበጋ ጉባኤ መራ። አሰራሩን ስታዩት እኮ ቀላል ይመስላል፣ ማንም ሰው ከየትም ስክሪፕት ይልካል፣ ስምና ዘመድ አይጠየቅም፣ የተመረጡት ደራሲዎች በጋ ላይ እዛው ይሰነብታሉ፣ ተዋንያኑ ስክሪፕቱን በእጃቸው እንደያዙ ይጫወቱታል፣ ዲኮር ምናምን የለም፣ ህዝብ ያየዋል፣ ደራሲው የት ጋ ሰው እንደሰለቸው በአይኑ አይቶ ማታ ቁጭ ብሎ ያስተካክላል። ሪቻርድስ ረጋ ያለ ሰው ነበር ይላሉ፣ እንዲህ አድርግ ከማለት ይልቅ ጥያቄ ይጠይቅሃል፣ መልሱን አንተው ታመጣዋለህ።

ኦገስት ዊልሰን የተገኘው እዚህ ነው። ሚኒሶታ ሆኖ ስክሪፕት እየላከ ደጋግመው ውድቅ አድርገውበት በ1982 «ማ ሬይኒስ ብላክ ቦተም» የሚለውን ድራማውን ተቀበሉት። ሪቻርድስ በዛን ጊዜ የየል ዩኒቨርሲቲ የድራማ ትምህርት ቤት ዲን ነው፣ የየል ቲያትር ቤትም በሱ እጅ ነበር፣ ከ1979 እስከ 1991። እነ አንጄላ ባሴትና ቻርልስ ደተን ከዛ ነው የወጡት። በነገራችን ላይ የናይጄሪያዊው ደራሲ የወሌ ሾይንካ የአፍሪካ አምባገነኖች ላይ ሚሳለቀው ድራማ መጀመሪያ የታየው እዛ ቲያትር ቤት ነው፣ በ1984፣ ይሄንን እንኳ ለአንባቢ ብትነግሩት ደስ ይለዋል። እና ሪቻርድስና ዊልሰን ስድስት ድራማ አብረው ለብሮድዌይ አበቁ። መንገዳቸው ረጅም ነው፣ መጀመሪያ የል፣ ከዛ ቦስተን፣ ቺካጎ፣ ሌሎች ከተሞች፣ በየከተማው እየተቆረጠ እየተጨመረ፣ ብሮድዌይ ሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው። የ«ዘ ፒያኖ ሌሰን» መጨረሻ ራሱ መንገድ ላይ ነው የተስተካከለው። ከስድስቱ አንዱ «ፌንስስ» በ1987 ለዊልሰን የፑሊትዘር የድርሰት ሽልማት፣ ለሪቻርድስ ደሞ ቶኒ የሚባለውን የብሮድዌይ ሽልማት አመጣ፣ በድራማ ዝግጅት ቶኒ የወሰደ የመጀመሪያው ጥቁር ነው። ስልሳ ስምንት ዓመቱ ሊሆን ነው እንግዲህ!

ፊልሙስ? «ፌንስስ»ን ፊልም ለማድረግ የሆሊውዱ ስቱዲዮ ፓራማውንት ወዲያው መብቱን ገዝቶ ነበር፣ ዊልሰን ግን ዳይሬክተሩ ጥቁር ካልሆነ አይሆንም ብሎ ድርቅ አለ፣ በ1990 ይሄንኑ ፅፎ አሳተመ። በ1961 የሆነውን ያየ ሰው ለምን እንደዛ እንዳለ አይጠፋውም። ፊልሙ የወጣው በ2016 በዴንዝል ዳይሬክተርነት ነው፣ ዊልሰን በ2005፣ ሪቻርድስ ደሞ በ2006 ልክ በተወለደበት ቀን ጁን 29፣ ሁለቱም አርፈው።

ቴሌቪዥን ነው ትንሽ የካሰው። በ1979 የአንድ ጥቁር ቤተሰብን ታሪክ ከባርነት ጀምሮ የሚተርከው «ሩትስ» ሁለተኛው ተከታታይ ላይ አንድ ክፍል ሰራ፣ ከዛ በ1995 «ዘ ፒያኖ ሌሰን»ን፣ ቻርልስ ደተንና አልፍሬ ውዳርድ ያሉበትን። እዛ ውስጥ አንድ ቦታ አለ፣ አራት ወንዶች ኩሽና ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው እየጠጡ ያወራሉ፣ ሁሉም ሚሲሲፒ ውስጥ ፓርችማን እስር ቤት የጉልበት ስራ የሰሩ ናቸው፣ አንዱ የእስር ቤቱን ዘፈን ይጀምራል፣ ሌሎቹ በእግር ወለሉን በእጅ ጠረጴዛውን እየመቱ ይቀበላሉ፣ የኛን የደቦ ዘፈን ለሚያውቅ ሰው አቀባበሉ እንግዳ አይሆንበትም፣ ልዩነቱ እነዚህ ወደው አይደለም የዘፈኑት። ሪቻርድስ አይቸኩልም። ዘፈኑን አይቆርጠውም፣ ፊታቸው ላይ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ሲቀየር እስክታይ ድረስ ያቆይሃል። ይሄ ከመድረክ የመጣ ትእግስት ነው።

አዲሱን የ2024ቱንም አይቻለሁ፣ ተዋንያኑ ጎበዞች ናቸው፣ ለኔ ግን ታሪኩ ውስጥ ያለው የሙት መንፈስና ድምፁ በዝቶበታል፣ የድሮውን ነው ምመርጠው። እናንተ ላትስማሙ ትችላላችሁ፣ እሱ ችግር የለውም፣ ብቻ የ1995ቱን ፈልጋችሁ እዩትና ሁለቱን አወዳድራችሁ ግማሽ ገፅ ስጡት፣ ከፎቶው ስር ደሞ የሎይድ ሪቻርድስ ስም ይግባልን።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢ
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ