ማርኩን የቅሬው ዳኛ ይስጡ

ለአዘጋጁ፦

ስለ ጤና ትምህርት ጥራት በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ እዚሁ ደሴ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ አነበብሁት። የኛ ተመራቂዎች በዕውቀት ከውጭዎቹ አያንሱም ብላችኋል። እውነት ነው። የኔ ቅሬታ ሌላ ቦታ ላይ ነው።

ጤና መኮንን ነኝ። በተመረቅሁ ሰሞን የተመደብሁበት ወረዳ አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) ገባ። አንድ ቅሬ፣ ሌላው አገር እድር የሚለው መሆኑ ነው፣ ተሰብስቦ ጠበቀኝ። እኔ ሆዬ የመመረቂያ ጽሑፍ የማቀርብ ይመስል ስለ ስርጭት ምጣኔና ስለ ተጋላጭነት መተንተን ያዝሁ። የቅሬው ዳኛ እስክጨርስ በትዕግሥት አዳመጡኝና፣ «ልጄ፣ አላህ ይስጥህ። ብቻ ውሃውን እናፍላው ወይስ አናፍላው?» አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። የቀበሌዋ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ተነሥታ ነገሩን በሦስት ደቂቃ ጨረሰችው። ማን ከየትኛው ምንጭ እንደሚቀዳ ሳይቀር ታውቃለች። እሷ የሠለጠነችው አንድ ዓመት ነው፤ እኔ አራት።

በአሜሪካ ለሕብረተሰብ ጤና ትምህርት ቤቶች ዕውቅና የሚሰጠው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መስፈርት፣ የማስተርስ ተማሪ 22 መሠረታዊ ብቃቶች ይጠበቁበታል። ኤፒዲሚዮሎጂው፣ ማለት የበሽታ ስርጭት ጥናቱ፣ አለ። ግን መደራደርም፣ የበጀት አያያዝ ማወቅም፣ ለተለያየ አድማጭ በሚገባው ቋንቋ ማስረዳትም አለበት። «ኮሙኒኬሽን» የሚል ርዕስማ እኛም ሞጁል ላይ ሞልቷል! ልዩነቱ እዚያ ትምህርት ቤቱ እያንዳንዷን ብቃት በምን ሥራ እንደመዘናት ማሳየት ግዴታው መሆኑ ነው። እንግሊዝ ደግሞ የሕብረተሰብ ጤና ስፔሻሊስት ለመሆን ከሚወሰዱት ፈተናዎች አንዱ በቃል ነው። ተፈታኙ ሚና ከሚጫወት ሰው ፊት ይቀመጥና ጉዳዩን ያስረዳል፣ ጥያቄ ይመልሳል።

ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ያለው የኛ የመውጫ ፈተና መልስ የሚመረጥበት ነው። ሽማግሌ ማሳመን ደግሞ በሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ አይለካም።

ይህን ስል የፈረንጅ ይቀዳ ማለቴ አይደለም። በ1947 ዓ.ም የተከፈተው የጎንደር የሕብረተሰብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና ሳኒታሪያኑን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያውን) በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ እየላከ ያለማምድ ነበር። እኔም በተማርሁበት ጊዜ ገጠር ወጥተናል። ግን ማርኩ የተያዘልን ለሪፖርቱ ነው። ሪፖርቱን ደግሞ ማታ ማታ ከቀድሞ ተማሪዎች ሪፖርት እያየን ነው የጻፍነው፤ ምን ልደብቅ።

ወሎ ውስጥ ጤና የሚያስተምሩ ተቋማት ይህን ይሞክሩት። በልምምዱ የመጨረሻ ሳምንት ተማሪው አንድ ቅሬ ፊት ይቁም። ላፕቶፕ አይያዝ። ቡናው ይፈላ፣ ሰው እንደልቡ ይጠይቀው። ከ100ው ማርክ 20ውን የቅሬው ዳኛና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይስጡት። ያኔ ቢሆን ኖሮ እኔ ስንት አገኝ እንደነበር አውቃለሁ።

አንድ ጤና መኮንን፣
ከደሴ