በኅዳር 29 የባህል ልብስ ምክንያት ስለተነሣው ቅሬታ ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ደሴ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ

ክቡራን ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ፈተና ከጥምቀት በዓል በኋላ እንደሚሰጥና ቤተ መጻሕፍቱ ቅዳሜም እስከ ቀትር ክፍት እንደሚሆን አስታውቃለሁ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ባለፉት ቀናት ወደ ቢሮዬ የመጣችሁም፣ ስልክ የደወላችሁም፣ በየሰፈሩ የሰማችሁም ስላላችሁ ለሁላችሁም በአንድነት በጽሑፍ መመለሱን መርጫለሁ።

ኅዳር 29 ቀን የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀንን ስናከብር እያንዳንዱ ተማሪ የቤተሰቡን የባህል ልብስ ለብሶ እንዲመጣ አስቀድመን በማስታወቂያ ሰሌዳ ለጥፈን፣ በየደብተሩም አጽፈን ነበር። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በተባለው መሠረት አባቱና አያቱ የሚለብሱትን ሽርጥ አገልድሞ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶና ጋቢ ደርቦ መጣ። ጥቂት ተማሪዎች ከበውት «ቀሚስ ለባሽ» እያሉ ሲስቁበት በስልክ ቀርጸው ቲክቶክ ላይ ለቀቁት። ልጁ ከዚያን ቀን ጀምሮ ክፍል አልገባም። ቤተሰቡ መልቀቂያ ጠይቀው ነበር፤ እኔም ትንሽ እንዲታገሡኝ ለምኜ መልሻቸዋለሁ።

ከዚህ በኋላ ወላጆች ወደ ቢሮዬ ሲመጡ ስለ ተቀረጸው ልጅ ሊጠይቁኝ መስሎኝ ነበር። አብዛኞቹ ያቀረቡልኝ ጥያቄ ግን «ትምህርት ቤቱ ወንዶችን ቀሚስ ማልበስ ጀመረ ወይ?» የሚል ነው። አልጀመረም። የወንዶች የደንብ ልብስ ሱሪ፣ ሸሚዝና ሹራብ ነው፤ መስከረም ላይ ፈርማችሁ የወሰዳችሁት መመሪያ አንድ ቃል አልተለወጠም። የባህል ልብስ የተለበሰው የባህል ልብስ ይለበስ በተባለበት ቀን ነው። ልጁ መመሪያውን አክብሮ መጥቷል፤ መመሪያ የጣሱት ስልክ ይዘው የገቡትና የሰው ፊት ያለ ፈቃዱ የቀረጹት ናቸው።

በደሴ ከተማ፣ በወሎ ምድር ተቀምጬ ሽርጥ የወንድ ልብስ መሆኑን ለወላጅ በደብዳቤ ማስረዳት ይኖርብኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። ሰኞ ባቲ ገበያ የወጣ ሰው ግመል የሚነዳውን፣ በሬ የሚሸጠውን፣ ጫት የሚያወርደውን ወንድ በምን ልብስ እንዳየው ያስታውስ። በአፋር ወንድሞቻችን ዘንድ ሰናፊል የሚባለውን የወገብ ልብስ ወንዱም ሴቱም ያገለድማሉ፤ በአቀላለሙና በአለባበሱ ይለያያል እንጂ አንዱ የሌላውን ለበስክ ተብሎ አይነቀፍም። ከመካከላችሁ ሐጅ ያደረጋችሁ አባቶች በኢሕራም ላይ ስትሆኑ የተሰፋ ልብስ አውልቃችሁ፣ ከወገብ በታች አንድ ነጭ ጨርቅ ብቻ አገልድማችሁ ቆማችኋል። የክርስትና እምነት ተከታይ የሆናችሁም በመጪው ጥር 11 ወንዶች ልጆቻችሁ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ የመዘምራን ቀሚስ ለብሰው ከታቦቱ ፊት ሲዘምሩ በደስታ ታያላችሁ። በዚያ ቦታ ክብር የሆነው የልብስ ቅርጽ በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነውር የሚሆንበትን ምክንያት እስካሁን ያስረዳኝ ወላጅ የለም።

አንዳንዶቻችሁ «ያ ሃይማኖት ነው፣ ይሄ ሌላ ነው» እንደምትሉ አውቃለሁ። እንግዲያስ ሃይማኖቱን ትተን ወንድነትን እንመልከት። እዚሁ ወሎ፣ መቅደላ አምባ ላይ በ1860 ዓ.ም. እጃቸውን ለጠላት ከመስጠት ሞትን የመረጡት ዐፄ ቴዎድሮስ ፀጉራቸውን ሹሩባ የተሠሩ ነበሩ። ልጆቻችሁ ሥዕላቸውን ደብተራቸው ሽፋን ላይ ይለጥፋሉ። ዛሬ አንድ ተማሪ እንደ እርሳቸው ተሠርቶ ቢመጣ ደንባችን ስለማይፈቅድ ወደ ቤቱ እመልሰዋለሁ፤ ሴት ሆነሃል ብሎ የሚሰድበውን ግን አልታገሥም። ደንብ ማስከበርና ሰውን ማዋረድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ እኔ የተሾምኩት ለመጀመሪያው ብቻ ነው።

«ሽርጥ የገጠር ነው፤ የከተማ ልጅ ምን አገባው?» የሚል ቃልም ሰምቻለሁ። ይህን የተናገሩትን ወላጅ አከብራቸዋለሁ፤ ሆኖም ከተማችን ከኩታበር፣ ከተንታ፣ ከወረባቦ፣ ከቃሉ የመጡ ልጆች ቤት ተከራይተው፣ ከቤተሰብ በሚላክላቸው ስንቅ እየኖሩ የሚማሩባት ከተማ ናት። አባታቸው ለወላጅ ስብሰባ የሚመጣው በሽርጥ ነው። በዚህ ከቀጠልን ልጁ አባቱ በትምህርት ቤቱ በር እንዳይታይ መለመን ይጀምራል። ትምህርት ቤት ልጅን በአባቱ እንዲያፍር ካደረገው፣ የሚሰጠው የምስክር ወረቀት ምን እንደሚጠቅም አላውቅም።

ሌላው ቅሬታ «ዛሬ ሽርጥ ከተፈቀደ ነገ የፈረንጁ ፋሽን ይከተላል» የሚል ነው። አንድ አባት እንግሊዝ አገር ወንዶች ተማሪዎች ጉርድ ቀሚስ ለብሰው ትምህርት ቤት ሲገቡ የሚያሳይ ምስል በስልካቸው አሳይተውኛል። ምስሉ የኤክስተር ከተማ ነው፤ ጊዜውም ሰኔ 2009 ዓ.ም. ነበር። ልጆቹ ያን ያደረጉት በከባድ ሙቀት ቁምጣ ስለተከለከሉ ነው፤ በዚያው ሰሞን በፈረንሳይ ናንት ከተማ የአውቶቡስ ሾፌሮችም በዚሁ ምክንያት ጉርድ ለብሰው ውለዋል። በውጭ አገር ከዚህ አልፈው የወንድና የሴት የሚባል ልብስ ጨርሶ አይኑር የሚሉና አይሆንም የሚሉ ሰዎች እንደሚከራከሩ አውቃለሁ፤ በዚያ ክርክር ውስጥ ትምህርት ቤታችን አልገባም፣ የገባም ተማሪ የለንም። አያቱን መስሎ የመጣን ልጅ ፈረንጅ መሰልክ ብሎ መክሰስ ግን ከእውነት የራቀ ነው።

በዚሁ አጋጣሚ ስለ ስፖርት ልብሱም ልመልስ፤ ሁለቱ ቅሬታዎች ተያይዘው እየመጡ ነውና። ዘንድሮ ለወንዶችም ለሴቶችም አንድ ዓይነት ሰማያዊ ቱታ ያሠራነው ሴቶቹን ወንድ ለማስመሰል አይደለም። ሴት ተማሪዎቻችን በጦሳ ተራራ ብርድ ጠዋት በጉርድ ቀሚስ ሲሮጡ ይቸገሩ ነበር፤ ብዙዎቹም ከቀሚሱ ሥር ሱሪ ይደርቡ ነበር። አንድ ዓይነት ልብስ በብዛት ሲሰፋ ዋጋው ይቀንሳል፣ ለታላቅ እህት ያጠረው ለታናሽ ወንድም ይሆናል። «ልጄ ለምን እንደ ወንድ ትለብሳለች?» ያላችሁኝ እናቶች ሹራቡም ከመጀመሪያው አንድ ዓይነት እንደነበረ፣ ማታ ማታ በየቤታችሁ ባልም ሚስትም የሚደርቡት ጋቢ አንድ እንደሆነ እንድታስቡልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። በሃይማኖት ወይም በቤተሰብ ምክንያት ልጇ ከቱታው ላይ ረጅም ቀሚስ እንድትደርብ የምትፈልግ እናት ለስፖርት መምህሩ ትንገር፤ ይፈቀድላታል፣ ለማንም ማብራሪያ አትጠየቅም።

«የልጆች ቀልድ ነው፣ ለምን ይካበዳል?» የምትሉ ወላጆችም አላችሁ። በተለይ ቪዲዮውን ከለቀቁት ልጆች ወላጆች ይህን ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ቀልድ የሚባለው የተቀለደበት ሰውም ሲስቅ ነው። ይህ ልጅ አልሳቀም፤ የሒሳብና የፊዚክስ ትምህርት እያመለጠው ቤቱ ተቀምጧል፣ ቪዲዮውን ደግሞ እናንተም ጭምር አይታችሁታል። ጥያቄዬ በቁጣ የቀረበ እንዳይመስላችሁ እለምናለሁ፤ ነገር ግን ያ ልጅ የእናንተ ቢሆን ኖሮ ቢሮዬ መጥታችሁ የምትጠይቁት ስለ ልብሱ ነበርን?

በመሆኑም ከወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረት ጋር ተመካክረን የሚከተለውን ወስነናል። ቪዲዮውን የቀረጹና የለቀቁ ተማሪዎች ከወላጆቻቸው ጋር ቀርበው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይቀበላሉ፤ ምስሉንም ካሉበት ገጽ ሁሉ ያነሣሉ፤ ተበዳዩ ልጅና ቤተሰቡ ፈቃደኛ ከሆኑም በሽማግሌ ፊት ይቅርታ ይጠይቃሉ። ስልክ ይዞ የተገኘ ተማሪ ስልኩ ለወላጁ ብቻ ይመለስለታል። የባህል ልብስ ቀን በሚቀጥለው ዓመትም ይከበራል፣ ሽርጥም ይለበሳል። ይህን ለማስቀረት የተሰበሰበ ፊርማ እንዳለ ሰምቻለሁ፤ ፊርማው ቢደርሰኝ በአክብሮት ተቀብዬ አነበዋለሁ፣ መልሴ ግን አሁን የጻፍኩት ነው።

በጉዳዩ ላይ ለመነጋገር የምትፈልጉ ወላጆች ቅዳሜ ታኅሣሥ 18 ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት በትምህርት ቤቱ አዳራሽ እንድትገኙ እጋብዛለሁ። አባቶች በሥራ ልብሳችሁም፣ በሽርጥም፣ በሱፍም ብትመጡ በሩ ላይ የሚቀበላችሁ የጥበቃ ሠራተኛ ተነግሮታል። መገኘት የማትችሉ ከዚህ ደብዳቤ ግርጌ ያለውን ቦታ ፈርማችሁ እስከ ረቡዕ በልጃችሁ በኩል ለክፍል ኃላፊው መምህር መልሱልን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር